የልብስ ሰፊው ቁመት

ስልኩ የጮኸው ሁለተኛው ጣውላ ተቆርጦ ሰጋቱራው ገና መሬት ሳይነካ ነው። አናጢው መጋዙን አጋደመ፤ እጁን በሽርጡ ጠርጎ አነሳው።

“ጋሽ ሚሊ? እኔ የልብስ ሰፊው ልጅ ነኝ።”

“እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ።”

“አሜን። መንገድ ላይ ነኝ። ሳጥኑን የምትሠራው አንተ ነህ አሉኝ።”

“ጀምሬዋለሁ።”

“ስለ ቁመቱ ልነግርህ ነው የደወልኩት። አባቴ ረጅም ነው፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አደራህን እንዳይጠበው። ዕድሜውን ሙሉ በዚያች ጠባብ ክፍል ነው የኖረው።”

አናጢው የቆረጣቸውን ጣውላዎች አየ። ከተማው ሚሊሜትር የሚል ስም አውጥቶለት፣ ስሙ ሲረዝምበት ሚሊ ብሎ ያሳጠረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእርሳስ ካሰመረው መስመር ውፍረት እንኳ ግማሹን ቆርጦ ግማሹን የሚተው ሰው ነው። ልብስ ሰፊውን ደግሞ ሜትር ሳይዘረጋ ያውቃቸዋል። ባለፈው ክረምት የመቁረጫ ጠረጴዛቸውን እግሮች ያሳጠረላቸው እሱ ነው። “ወይ ጠረጴዛው እያደገ ነው፣ ወይ እኔ እየሰመጥኩ ነው፤ እኔን መቁረጥ ስለማትችል እሱን ቁረጥልኝ” ብለውት ነበር። አንድ ሜትር ከስልሳ የማይሞሉ ሰው ነበሩ።

“ትሰማኛለህ ጋሽ ሚሊ?”

“ሰማሁ። አንድ ሜትር ከሰማንያ።”

በወርክሾፑ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጎበጠ ምስማር የሚያቃኑት አባቱ ቀና አሉ። ይህን አናጢ ቤት የከፈቱት እሳቸው ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጋዙን ለልጃቸው አስረክበው ምስማር ማቃናት ያዙ። አዲስ ምስማር እኮ ርካሽ ነው የሚላቸው ሰው ሲመጣ “እኔስ ውድ ነኝ እንዴ?” ይላሉ።

“ማን ነው?”

“የልብስ ሰፊው ልጅ። አባቴ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው ይላል።”

“ማ? ልብስ ሰፊው?” ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ። “ከሱ ጋር ጎን ለጎን ስንሄድ ሰው እኔን ‘ረጅሙ’ ይለኝ ነበር። እኔ ረጅም ሆኜ ታውቃለህ?”

“እንዲያ ነው ያለው፣ አባባ።”

“መቼ አይቶት?”

“ልጅ ሆኖ” አለ ሚሊ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ወደ ትልቁ ከተማ የሄደው አጎቱ ጋ ሆኖ ሊማር ነው። በዚያው ተማረ፣ በዚያው ሥራ ያዘ፣ በዚያው አገባ። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ አባቱን የሚያያቸው የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው ነው። ሳይነሱ “መጣህ?” ይሉታል፤ ሳይነሱ “ሄድክ?” ይሉታል። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቁመቱ አይታወቅም።

“ታዲያ እውነቱን አትነግረውም ነበር?” አሉ ሽማግሌው።

“በስልክ?”

ሽማግሌው አሰቡበት። “በስልክስ አይሆንም።”

ሚሊ ሁለቱን ጣውላዎች አንስቶ ግድግዳው ላይ አስደገፋቸው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ሁለቱም አጭር ነበሩ።

ጠዋት ከቤት የወጣው በደህና አልነበረም። ሚስቱ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። የትልቁ ከተማ ሆስፒታል ለጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ፈልጓታል፤ ትመጪ እንደሆነ ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ አሳውቂን ብሏታል። የልጃቸው ትምህርት ቤት ደግሞ ዘንድሮ ያልቅባታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል እዚህ የለም። ባልና ሚስቱ ነገሩን ሲያነሱ ሲጥሉ ከርመዋል። የምታነሳው እሷ ናት፤ የሚጥለው እሱ።

“ኪራዩ ውድ ነው” ሲላት “ደሞዙም እንደዚያው” ትለዋለች። “ግቢ የለውም” ሲላት “ትምህርት ቤት አለው።” “ማንንም አናውቅም” ሲላት “እዚህ የምናውቀው ሰው ሁሉ እራት ምን እንደበላን ያውቃል። ትንሽ ባይታወቅልን ምን እንሆናለን?” ትላለች። “አባባስ?” ሲላት ግን ዝም ነው። እሳቸውን ራሷ ሄዳ አብረውን ይምጡ ብላ ለምናቸዋለች። “እዚያ ምስማር ሲጎብጥ ይጥሉታል አሉ” ብለው መለሱላት።

ሚሊም አንድ ጊዜ ሄዶ አይቶታል። የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። አለቃው ደግ ሰው ነው፤ ሻይ ጋብዞታል፤ ከሚሊ ኪስ የወጣችውን ሜትር ሲያይ ፈገግ ብሎ “እሷን እንኳ ቤት ተዋት፤ ማሽኑ ይለካል። ያንተ ሥራ ጣውላውን መግፋት ብቻ ነው” ብሎታል። ሚሊ ሲመለስ ለሚስቱ የነገራት “ሰፊ ነው” ብሎ ብቻ ነው።

እና ዛሬ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲያገላብጠው ያደረውን አወጣው።

“እናንተ ሂዱ። እኔ ከአባባ ጋር እሆናለሁ። በየወሩ እየመጣሁ እጠይቃችኋለሁ።”

ሚስቱ ጫማዋን እያሰረች ነበር። አንዱን ሳትጨርስ ቀና አለች። “ትጠይቀናለህ? ሳንታመም?”

“ነገሩ እስኪለይ ነው እንጂ...”

“የቱ ነገር? ልጅቷ እስክትዳር?”

ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። “ግዴለም እማዬ” አለች። “አባዬ ሲመጣ አውቶቡስ ጣቢያ ሄጄ እኔ እቀበለዋለሁ።” ይህን ያለችው ለማስታረቅ ነው።

ሚስቱ ሁለተኛውን ጫማ አሰረችና ወደ ቁም ሳጥኑ ዞረች። ቁም ሳጥኑ የሰርጋቸው ሰሞን የሠራላት ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ እንደቆመ ጣውላ በጣውላ ገጣጥሞ፣ በኮላ ይዞ፣ በምስማር መትቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ጨረሰው። ከጨረሰ በኋላ ነው በበሩ እንደማያልፍ የታየው። ሚሊ በር መለካት ረሳ ተብሎ ከተማው ብዙ ሳቀ። እሱ ግን “የሚወጣ ነገር ቢሆን በሩን እለካ ነበር። እኛ የት ልንሄድ?” ብሎ መለሰ። ያኔ ሚስቱ ይህን መልስ ወዳው ነበር።

“እሱ አይወጣም” አለች ዛሬ፣ ቁም ሳጥኑን እያየች። “እኔ ግን እወጣለሁ።”

ወጣች።

ከስልኩ በኋላ ሚሊ ረጅም ጣውላ ፍለጋ ሲሄድ የጣውላ መጋዘኑን ተቆልፎ አገኘው። አጠገቡ ያለችው ባለሱቅ፣ የሆነውን ቀርቶ የሚሆነውን የምታውቅ ሴት፣ ሳይጠይቃት ነገረችው።

“ባለመጋዘኑማ ጣውላ ሊያመጣ ትልቁ ከተማ ሄዷል።”

“መቼ ይመለሳል?”

“እዚያ የሄደ ሰው መቼ ይመለሳል ተብሎ ይጠየቃል? የናንተስ ከምን ደረሰ?”

“የኛ ምን?”

“እሺ፣ ይሁንልህ።” መደርደሪያዋን በጨርቅ ታብሳለች። “እኔ እህቴ ጋ ከርሜ አይቼዋለሁ። ደረጃ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እንደምን አደራችሁ እላለሁ፤ የሚመልስ የለም። ኋላ እህቴ ‘ተይ፣ ምን ልትሸጥልን ነው እያሉ ነው’ አለችኝ።”

“ጥሩ አይደለማ።”

“ኧረ ጥሩ ነው! እህቴን ባሏ ጥሏት ሲሄድ አንድ ጎረቤት አልሰማም። እስከ ዛሬ አልሰሙም። እዚህ ቢሆን እኔ ራሴ ከሷ ቀድሜ እሰማ ነበር።”

ይህ ለመሄድ የተነገረው ምክንያት ይሁን ለመቅረት፣ ሚሊ አልለየለትም። ለእሷም የለየላት አይመስልም።

ባዶ እጁን ሲመለስ አባቱ ከበርጩማቸው አልተነሱም።

“ተገኘ?”

“አልተገኘም።”

“እንግዲያ በልኩ ሥራው። ቀብሩ ከሰዓት ነው። አንዴ ከተዘጋ ማን ያያል?”

“ሳይዘጋ ልጁ ያያል።”

“አይቶስ?”

ሚሊ የተቆረጡትን ጣውላዎች ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። “ሲሄድ እኮ ትዝ ይለኛል፣ አባባ። ትከሻቸው ላይ ይደርስ ነበር።”

“እና?”

“የኔዋም ትከሻዬ ላይ ደርሳለች።”

ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን ምስማር አገላብጠው አዩት። ቀጥ ብሏል፤ ግን አሁንም ቀስ ብለው መቱት።

“ቤት ጣውላ አለ” አለ ሚሊ።

“የት?”

“ቁም ሳጥኑ።”

“እሱ በኮላ የተያዘ አይደለም እንዴ?”

“በኮላም በምስማርም።”

“አይፈታም ብለህ አልነበር?”

“ብዬ ነበር።”

ቤት ሄደው ልብሶቹን አልጋው ላይ ከመሯቸው፤ የሚስቱን ቀሚሶች፣ የልጅቷን ዩኒፎርም፣ የእሱን አንድ ኮት። ከዚያ ሚሊ መሮውን በመጋጠሚያው መሃል አስገባና መዶሻውን አነሳ። የራሱን ሥራ ሲያፈርስ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኮላው እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ፤ አልለቅም አለ፤ ኋላ ለቀቀ። ሽማግሌው ከስር ሆነው ጣውላውን በትከሻቸው ደገፉ። የሚነቀለውን ምስማር እየለቀሙ ወደ ኪሳቸው ይከቱታል።

በአንደኛው የቁም ሳጥን በር ላይ ልጅቷ ገና መናገር ስትማር በቁልፍ የቧጠጠችው ሥዕል አለ። አንድ ቤት፤ ከቤቱ አጠገብ አንድ ሰው። ሰውየው ከቤቱ ይበልጣል። ሚሊ ያን በር ነቅሎ ለብቻው ወደ ውጭ ይዞት ወጣ። በክፍሉ በር ያለ ምንም ችግር አለፈ።

ሲመለስ አባቱ “አንተም ስትሄድ ለክተኸኝ ሂድ” አሉት። “በኋላ በስልክ ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ።”

“ማን ሄደ፣ አባባ?”

“እኔ ነኛ ቁም ሳጥን የማፈርሰው።”

ሚሊ መዶሻውን ይዞ ቆመ።

“ምታው እንጂ፤ ትከሻዬ ደከመ” አሉ ሽማግሌው። “እህትህ እዚሁ ከተማ ናት፤ እሷ ታየኛለች። እኔ አልወድቅም። ብወድቅም እዚህ ሰው ሲወድቅ ሰው ያያል።”

የቁም ሳጥኑ ጎኖች ሁለት ሜትር ያልፉ ነበር። በአንድ ሜትር ከሰማንያው ላይ ለትራስ የሚሆነውን ጨምሮ ቆረጣቸው። የማጠፊያዎቹን ቀዳዳዎች በእንጨት ስንጣሪና በኮላ ደፈነ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸ። ለሚያውቅ ሰው ግን ነጥቦቹ ይታያሉ።

ሳጥኑን ልብስ ሰፊው ክፍል ሲያደርሱት ልጁ ገና አልመጣም። ሽማግሌው ወዳጃቸውን አዩ፤ ሳጥኑን አዩ። ከመቁረጫ ጠረጴዛው ስር ያለውን የቁርጥራጭ ጨርቅ ማዳበሪያ ጎተቱት። የከተማው ሰው ኮትና ሱሪ ሁሉ ትራፊ እዚያ ውስጥ አለ። ሬሳው ከገባ በኋላ ከእግሩ በታች የቀረውን ባዶ ቦታ ያንን እያጣጠፉ ሞሉበትና ነጭ ጨርቅ አለበሱት።

“የኔም ሱሪ እዚህ ውስጥ አለ” አሉ በመጨረሻ። “ሁልጊዜ ያሳጥርብኝ ነበር። ሰው ረጅሙ እያለኝ እንኳ።”

ልጁ መጣ። ጥሩ ኮት የለበሰ፣ ፊቱ ከመንገድ አቧራና ከእንቅልፍ እጦት የገረጣ ሰው ነው። ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ብዙ ጊዜ አየ። አየና እጁን ዘርግቶ የአባቱን ትከሻ ነካ፤ ከዚያ ዓይኑ ከራስ ወደ እግር ወረደ፣ ከእግር ወደ ራስ ተመለሰ።

“አባቴ...” አለ። “አጠረ።”

ሚሊ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ልኬት ዋሽቶ አያውቅም። ለደንበኛ አልዋሸም፤ ለሚስቱ አልዋሸም፤ በሩን አለመለካቱን እንኳ አልካደም።

“ሰው ሲተኛ ያጥራል” አለ።

“እውነት?”

“ያለ ነው። ቁመታቸው ያው አንተ ያልከው ነው። ሳጥኑን እየው፤ ልክ ነው።”

ልጁ ሳጥኑን አየ። በእጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። “ልክ ነው” አለ። “እግዜር ይስጥልኝ። አልጠበበውም።” ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረው።

የሚሊ ሚስት ለቀብሩ ከነጋውኗ ከሥራ መጣች። ሳጥኑ ከክፍሉ ሲወጣ ከሴቶቹ መሃል ሆና አየችው። መጀመሪያ የቫርኒሹን ቀለም ነው ያየችው፤ ቀጥሎ በጠርዙ ላይ የተደፈኑትን ነጥቦች። ባለሱቋም አየች። “ይሄ እኮ ቁም ሳጥኑ ነው!” ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግን የሷ ዝቅታ ከተማ ያሰማል። ቁም ሳጥኑ አይወጣም እያለ ስንት ዘመን ሲስቅ የኖረ ከተማ በትከሻው ተሸክሞ አወጣው። የሳቀ አልነበረም።

መንገድ ላይ ሚስቱ ከጎኑ ደረሰች። ጥቂት አብረው ሄዱ።

“ልብሶቼስ?” አለችው።

“አልጋው ላይ ናቸው።”

“እና የት ልስቀላቸው?”

“አትስቀያቸው።” ሳጥኑን እያየ ነው የሚናገረው። “ሻንጣ ውስጥ ክተቻቸው።” ጥቂት ሄደና “የኔንም” አለ።

ሚስቱ አላየችውም። ክንዱን ያዘችው፤ ለቀቀችው፤ ከሰዉ ተነጥላ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ሚሊ በሰዎቹ ትከሻ መሃል ያያት ነበር። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣ የሆስፒታሉ ሰው የሚያያት ይመስል ራሷን ደጋግማ በእሺታ ትነቀንቃለች።

ከቀብር ሲመለሱ አባቱ ክንዱን ተደግፈው ነው የሄዱት። ሌላ ጊዜ አይደገፉም።

“ሰው ሲተኛ ያጥራል?” አሉ ድንገት። “ሰው ሲተኛ ይረዝማል እንጂ። ይሄን ከየት አመጣኸው?”

“እንጃ አባባ። አፌ ላይ መጣ።”

“ውሸት ጀመርክ።” ጥቂት ሄዱ። “በቃ፣ ለትልቅ ከተማ ደርሰሃል።”

ወርክሾፑ በር ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ወደ በርጩማቸው ሊሄዱ ሲሉ ሚሊ ክንዳቸውን አልለቀቀም። በሌላው እጁ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ።

“አባባ፣ እስቲ መቃኑ ጋ ይቁሙልኝ።”

ሽማግሌው እርሳሱን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ለቀልድ የሚሆን ነገር አፋቸው ላይ መጥቶ የተመለሰ ይመስላል።

“ጫማዬን ላውልቅ?”

“ያውልቁ። ልክ ይሁን።”

ጎንበስ ብለው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጫማቸውን አወለቁ፤ አንዱን ከአንዱ ጎን አስተካክለው አስቀመጡት። ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጡ፤ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ሚሊ እርሳሱን ይዞ ጎንበስ ሲል የአባቱን እግር አየ። ተረከዛቸው ከመሬት ትንሽ ተነስቷል።

ቀና አለ፤ እርሳሱን በራሳቸው ላይ አጋደመው፤ እንደቆሙ አሰመረላቸው።